ፀሐይ ላይ የተሰጣው ፈርን

ብርነሽ ፈሪ ናት። መሥሪያ ቤት አለቃዋ ሲደውል እንኳ ስልኩን ከማንሳቷ በፊት «ምን አጠፋሁ?» ትላለች። ካዛንቺስ፣ ወይዘሮ ራቢያ ግቢ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ ዓመታት ስትኖር በሯን አንድ ቀን ገጭ አድርጋ ዘግታ አታውቅም።

ወይዘሮ ራቢያ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ ሳሎኑ ጥግ በማስቀመጫ ያለውን ትልቅ የፈርን ተክል ጠዋት ጠዋት የሚጎበኙት በእጃቸው ነው፤ ቅጠሉን እንደ ልጅ ፀጉር ይደባብሱታል። የተከሉት ባለቤታቸው ናቸው። በጥር የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ ደሴ ሲሄዱ የሳሎኑን ቁልፍ ለብርነሽ ሰጧት።

«ቤቱን አይደለም፣ ፈርኑን ነው አደራ የምልሽ» አሏት።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ብርነሽ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች።

አንድ ጠዋት ውኃ ልታጠጣ ስትገባ ከቅጠሎቹ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎ አየች። በጥፍሯ ነካ ብታደርገው ተንቀሳቀሰ። ሀሞቷ ፈሰሰ። በሳሙና ውኃ እያረጠበች በጨርቅ ጠረገችው፤ በማግስቱ ሌላ ወጣ። ነገሩ ታግሦ መደጋገም ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ፈሪ ግን ትዕግሥትን የት አባቱ ያውቃታል! ሰው ልትጠይቅ አሰበችና እትዬ ራቢያ ጆሮ እንዳይደርስ ፈርታ ተወችው። በመጨረሻ ትኋን ሲያስቸግር ሰፈሩ በሙሉ የሚያደርገው ትዝ አላት፤ ፍራሽ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት። ፈርኑን ከነማስቀመጫው ተሸክማ ጥላ በሌለበት አጥር ሥር አሰጣችውና ሥራ ሄደች።

ከድጡ ወደ ማጡ። ስትመለስ ዕድሜውን በጥላ የኖረው ፈርን እንደ ገብስ ቆሎ ተቆልቶ ጠበቃት። ስትነካው እጇ ላይ ተፈረፈረ።

«ባላቸውን ደግሜ ገደልኩባቸው» አለች።

ከቤት መባረሩ አይደለም ያስፈራት። ያ የእትዬ ራቢያ እጅ ቅጠል ፍለጋ ሄዶ ባዶውን ሲዳብስ ቆሞ ማየት ነው። ፈርኑን ቦታው መለሰችው፤ ልብሷንም ሻንጣ ውስጥ ከተተች። ወሎ ሰፈር የአክስቷ ልጅ አለች፤ እሷ ዘንድ ልትጠፋ ነው።

በማግስቱ ሻንጣዋን አንጠልጥላ የግቢውን በር ስትከፍት ወይዘሮ ራቢያ ከነጓዛቸው ደጅ ቆመዋል።

«ብርነሽ? አንቺ ነሽ?» ብለው ሊስሟት እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ትከሻዋን ሲፈልግ ሻንጣው ላይ አረፈ። «ይሄ ምንድነው?»

«እትዬ፣ በእመብርሃን ይቅር ይበሉኝ! ተባይ ወጣበትና… ፀሐይ ላይ አውጥቼ ፈርኑን አቃጠልኩት።»

ወይዘሮ ራቢያ ስለ ፈርኑ አንድም ነገር አልጠየቁም። ሻንጣውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፤ እጀታውንም ያዙት።

«እና ልትሄጂ ነው?»

«ምን ብዬ ዓይንዎን አያለሁ?»

«ልጄ፣ ቤቱን አደራ ብልሽ ቆልፈሽው ትሄጃለሽ። ፈርን ግን በየቀኑ ሰው ይፈልጋል። እሱን አደራ ያልኩሽ ስመለስ ግቢው ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀኝ ብዬ እኮ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ወላሂ እሱን ስፈራ ነው የመጣሁት።»

ብርነሽ ከእሷ የባሰ ፈሪ ያየችው ያን ቀን ነው። ተያይዘው ወደ ውስጥ ገቡ፤ አሮጊቷ ሳሎን እስኪደርሱ የሻንጣውን እጀታ አልለቀቁም።