ከርቩ ኤፍ ይፈልጋል

ቡታጅራ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የስታትስቲክስ መግቢያ ማስተማር የጀመርኩ ዕለት፣ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ልመለስ አስቤ ነበር። ወልቂጤ ያደግሁት በአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ስለሆነ ልኬትና ቁጥር አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ሰው ነው። ያ ደግሞ የግምገማ ዘመን ነበር፤ ተማሪ መምህሩን ይገመግማል፣ መምህር ባልደረባውን ይገመግማል፣ ሂሱን ያልዋጠ ወዮለት።

የማስተማሪያው መጽሐፍ ኖርማል ስርጭትን የሚያስረዳው በአምፖል ዕድሜ ነው። መብራት በየማታው በሚጠፋበት ከተማ የአምፖል ዕድሜ ማን ይለካል ብዬ፣ ከገበያ ዛላ በርበሬ ገዝቼ ገባሁ። ለየተማሪው አደልኩና ርዝመቱን በማስመሪያ እንዲለኩ አዘዝኩ። ውጤቱ ምን እንደሚመስልም አስቀድሜ ሰሌዳው ላይ ሣልኩት። ብዙዎቹ ዛላዎች መካከል ላይ ይሰበሰባሉ፤ በጣም አጭሩና በጣም ረጅሙ በሁለቱ ጫፍ ጥቂት ጥቂት ይሆናሉ፤ ከርቭ የሚሉት ይህ ሥዕል ግራና ቀኝ ቀጭን ጭራ ያለው ደወል ይመስላል።

ልኬቱ ሲሰበሰብ ደወል የሚባል ነገር የለም። በአጭሩ በኩል መኖር የነበረበት ጭራ ጭራሽ ጠፍቷል። ግማሹ ክፍል ያስነጥሳል፣ ግማሹ እኔን ያያል። ገና በመጀመሪያ ቀኔ ትምህርቱ ራሱ የከዳኝ መሰለኝ።

ዘይነባ የምትባል የእንሴኖ ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ይሄ እኮ የተመረጠ በርበሬ ነው። አባቴ በርበሬ ነጋዴ ነው፣ አውቀዋለሁ። አጫጭሩንና የተሰበረውን አስቀድመው ለብቻ ያወጡታል። ካልተመረጠው ቢገዙ ኖሮ ያሉት ይመጣ ነበር፣ ወላሂ።"

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ካልተመረጠ ክምር ገዝቼ መጣሁ። ደወሉ እንደተባለው መጣ፤ እኔም ተነፈስኩ።

በግማሽ ሴሚስተሩ ፈተና ዘይነባ ከሁሉም በታች ሆነች። ወባ ይዟት እየተንቀጠቀጠች ነበር የተፈተነችው፤ ግን ፈተናው እንዳያመልጣት ፈርታ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፣ ሐኪም ቤትም አልሄደችም። በዚህ ትምህርት ኤፍ ያገኘ ይባረራል። ቢሮዬ መጥታ፣ "ቲቸር፣ እኔ ተባርሬ ቤት ከገባሁ እህቶቼንም አይልኳቸውም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከክፍል ውጭ እየመጣች አብረን ሠራን። በማጠቃለያው ፈተና ጥሩ አመጣች፤ የመጀመሪያው ቢጎትታትም ድምሩ ከግማሽ በላይ ሆነ።

ውጤቱን ይዤ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። አቶ ተክሌ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡም ድምፃቸው አይነሳም፣ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝም እሱ ነበር። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ኤፍ የታለ?"

"የለም፤ ሁሉም ከግማሽ በላይ አምጥተዋል።"

"ከርቩ ኤፍ ይፈልጋል፣ ጽጌ። ውጤት እንደ ደወሉ ከታች ጥቂት ወዳቂ ይኑረው የሚል ከላይ የወረደ አሠራር ነው። ከታች ያሉትን ሦስቱን ኤፍ አድርጊና ነገ አምጪልኝ።"

ከሦስቱ የመጨረሻዋ ዘይነባ ነበረች።

በማግስቱ ውጤቱን ሳልነካው ተመለስኩ። "ልጆቹ በመግቢያ ፈተና ተመርጠው የገቡ ናቸው። ተመርጦ በመጣ ነገር ላይ የግድ ጭራ አይገኝም" አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አይሰማኝም ነበር።

"እሱን እኔም ተምሬዋለሁ" አሉ። "ፈተናው ተሰርቋል ብለው ከላይ ቢመጡብኝስ?"

ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። ስካተር ፕሎት ሠርቼ ይዣለሁ። በአግድሙ የመጀመሪያው ፈተና፣ በቋሚው የማጠቃለያው፣ እያንዳንዱ ተማሪ አንዲት ነጥብ። በመጀመሪያው የበረታ በሁለተኛውም በርትቷል፤ ነጥቦቹ ተያይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። ፈተናው ተሰርቆ ቢሆን ሰነፉም ጎበዙም አንድ ላይ ይቀላቀል ነበር።

አቶ ተክሌ መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን በግራ በኩል ከሌሎቹ ተነጥላ ከፍ ብላ በቆመች አንዲት ነጥብ ላይ አሳረፉ። "ይቺስ?"

"ዘይነባ ናት።"

"ከመጨረሻ ተነስታ እዚህ? ኮርጃለች።"

ላድናት ብዬ በገዛ እጄ አሳልፌ ሰጠኋት። ነጥብ የት እንደቆመ እንጂ ለምን እንደቆመ አይናገርም ብዬ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ ለምን የሚለውን እኔ መናገር ነበረብኝ። ወባ ይዟት እንደነበር ስነግራቸው "የሐኪም ወረቀት አላት?" አሉኝ። የላትም። በመጨረሻ፣ "ጠርተው ይፈትኗት" አልኩ። እንዳልኩት ወዲያው ፀፀተኝ፤ ብትደነግጥስ?

ደነገጠች። ዲኑ ስለ ኖርማል ስርጭት አንድ ጥያቄ ነግረዋት ቢሮው ውስጥ ካለችው ትንሽ ሰሌዳ ፊት ቆማ ጠመኔውን እንደያዘች ቀረች። እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ፤ እሷን ለማየት አልቻልኩም። የጠመኔ ድምፅ ስሰማ ነው የዞርኩት። ደወሉን ሣለች፣ አማካዩን መሃል ላይ አስቀመጠች፣ በተጠየቀችው በኩል ያለውን አጠቆረች፣ ከዚያ ቀስ ብላ "የስርጭቱን ሠንጠረዥ ስጡኝ" አለች። ሠርታ ጨረሰች።

"ልክ ነው?" አሉኝ አቶ ተክሌ።

"ልክ ነው።"

እሷን አሰናበቱና ወረቀቱን ወደኔ ገፉት። "እኔ አልፈርምም። ብቻሽን ፈርሚ። ከላይ ከጠየቁ የሚጠራው ስምሽ ነው።"

ፈረምኩ። ፊርማው የኔ አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። የመንግሥት ታርጋ ያለው መኪና ግቢ በገባ ቁጥር ምግብ ከአፌ ይመለሳል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እያልኩ ግምገማ በመጣ ቁጥር ስሜ እስኪጠራ እጠብቅ ነበር። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ዘይነባ በጊዜዋ ተመረቀች፤ ቀጥሎ ታናሽ እህቷ ክፍሌ ገባች።

አንድ ቀን አቶ ተክሌ ኮሪደር ላይ አስቆሙኝና ግራ ቀኝ አይተው፣ "ጠየቁሽ?" አሉኝ።

"አልጠየቁኝም። እርስዎንስ?"

"እኔንም።"

"ያን ከላይ የወረደ መመሪያ ግን አይተውት ያውቃሉ?"

"ከኔ በፊት የነበሩት ዲን ናቸው የነገሩኝ። እሳቸውም አይተውት አይመስለኝም" አሉና ወደ ቢሮአቸው ገቡ።

ይህን ትምህርት ለምትረከቡ መምህራን የምለው አጭር ነው። ከርቭ የሆነውን ያሳያል እንጂ ማንም እንዲወድቅ አያዝዝም። ከላይ ወረደ የሚሏችሁን፣ እየፈራችሁም ቢሆን፣ አሳዩኝ በሉ።