የማሩ ፒካፕ

እህተ ማርያም ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር ንብ እያነበች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ነበረች። በሥራዋ ጽዳት አጥብቃ ትወዳለች። ማር ልትቆርጥ ባሰበችበት ቀን ነጭ ሽንኩርት አትነካም፤ የማር ባልዲዋን ለሌላ ነገር ያዋለባት ሰው ካለ ባልዲውን እዚያው ትተውለታለች እንጂ መልሳ ማር አታደርግበትም። ሰዉ «ተጸያፊ ናት» ይላታል። እሷም አትክድም። «ማር የተኛበትን ሽታ ይዞ ይነሳል» ትላለች።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ገደማ በአካባቢው የማር አምራቾች ማኅበር ሲቋቋም ምክትል ሊቀ መንበር አድርገው መረጧት። ሊቀ መንበሩ ጌታሁን ነበር፤ የሞዴል አርሶ አደርነት ሜዳልያውን ለስብሰባ ሁሉ አንጠልጥሎ የሚመጣ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የአባላቱ ማር ወደ ቡሬ የሚወርደው በበቅሎና በአህያ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ጣሪያ ነበር። በመንገድ ይፈሳል፣ ፀሐይ ይመታዋል። ማኅበሩ ጥሪት ሲይዝ ፒካፕ መኪና ያስፈልገናል ተባለ። ጥያቄው አዲስ እንግዛ ወይስ በዓመት ውል እንከራይ የሚል ሆነ።

ክርክሩ በአንድ ስብሰባ አላለቀም። ሽማግሌዎቹ ይገዛ አሉ። ጌታሁን ጎማ ሲፈነዳም ሹፌር ሲሰክርም ጣጣው የአከራዩ ነውና ኪራይ ይሻላል ባይ ነው። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ፣ ፍጹም የሚሉት ወጣት፣ አባላቱ በአንድ ለአምስት ተወያይተው አቋም ይያዙ ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እህተ ማርያም ኪራዩን ደገፈች። የመንደሩ ሰው አዋጥቶ የገዛውን ወፍጮ ታውቀዋለች፤ የሁሉም ነው ሲባል ዘይት የሚያጠጣው ጠፍቶ፣ ሞተሩ ዝጎ፣ ዶሮ ያድርበታል። መኪናውም እንደዚያ እንዳይሆን ፈራች። ቃሏ በሴቶቹ ዘንድ ይሰማ ነበርና ኪራዩ አሸነፈ።

አከራዩ ምናለ የተባለ የቡሬ ነጋዴ ነበር። ፒካፑ በእውነትም አዲስ ነው፤ ነጭ፣ የወንበሩ ላስቲክ ገና ያልተገፈፈ። ኪራዩም ሌሎቹ ከጠየቁት ሁሉ የረከሰ ነው። ለማሩ የሚመጣው ግን ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሆኖ፣ በቀሩት ቀናት ባለቤቱ ይሠራበታል። ምን እንደሚሠራበት እህተ ማርያም ስትጠይቅ ጌታሁን «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነው፤ በደስታ ቀን ነገር አታንሺ» አላት። ሰው ሳቀ። እሷም ጥያቄዋን ተወችው።

የአደይ አበባው ማር ተቆርጦ በተጫነ ሰሞን የባሕር ዳሩ ገዢ የተላከለትን መልሶ ሰደደው። ይሸታል አለ። ጌታሁን ገዢው ዋጋ ሊሰብር ፈልጎ ነው ብሎ አባላቱን አረጋጋ። እህተ ማርያም ግን የማኅበሩ መጋዘን ገብታ አንዱን ባልዲ ከፈተችና ጣቷን ነክራ ቀመሰች። መጀመሪያ ጣፋጩ መጣ። ቀጥሎ ከጉሮሮዋ ሥር የከረመ ሥጋና የረጠበ ጠጉር ጠረን ተነሣ። ወጥታ ተፋች፣ ተጉመጠመጠች፤ ጠረኑ አልለቅ አላት።

በገበያው ቀን ቡሬ ወርዳ መኪናውን ስትፈልግ ከአንድ ቆዳ መጋዘን በር ላይ አገኘችው። ምናለ ጥሬ ቆዳ ነጋዴም ኖሯል። ገና ከበሬው የተገፈፈ እርጥብ ቆዳ በጨው እየታሸ፣ እየተጠቀለለ የመኪናው የጭነት ካሶኒ ላይ ይወረወራል፤ ዝንቡ እንደ ጭስ ይነሣል። ጠጋ ብላ ካሶኒው ላይ የተነጠፈውን ጎማ ጫፉን ይዛ ገለጠችው። ከሥሩ ጨው ያሟሟው ደም ጠቁሮ ረግቷል። በደሙ ውስጥ ትል ይርመሰመሳል። በትሉ መካከል ከማር ባልዲ የተንጠባጠበ ሰም ተለጥፏል። እዚያው አስመለሳት። ሹፌሩ ውሃ አቀበላትና ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ካሶኒውን እንደሚያጥበው በቅን ልብ ነገራት።

ጌታሁንን ያገኘችው ሥጋ ቤት ነው። ቁርጥ እየበላ ነበር። ያየችውን ሁሉ ነገረችው። መንጋጋው ሥራውን አላቋረጠም።

«ያውቁ ነበር?» አለችው።

«እንዴት አላውቅም? ታዲያ ኪራዩ በምን የረከሰልን ይመስልሻል?»

«የተመለሰውስ ማር?»

«ፍኖተ ሰላም ላሉ ጠጅ ቤቶች እንሸጠዋለን። ጌሾው ይሸፍነዋል።»

ይህን ብሎ ጮማ በአዋዜ ነክሮ ጉርሻ ዘረጋላት። ስቡ በጣቶቹ መሀል ይወርዳል። እህተ ማርያም ሳትመልስለት ወጣች። ኋላ ለጎረቤቷ ስትነግር፣ ከትሉ ይልቅ ያቅለሸለሻት ያ እጅ ነበር፤ ትሉስ የተፈጠረለትን ነው የሚሠራው አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ ሲሰበሰቡ ከተመለሰው ማር አንዱን ባልዲ ተሸክማ መጣች። «መኪና እንከራይ ብዬ የተሟገትሁት እኔ ነኝ» አለች። «አሁን ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ።» ባልዲው ከሰው ሰው ዞረ። ፊቱን ያዞረ አለ፣ አፍንጫውን በጋቢ የያዘ አለ። ከመሀል አንዱ፣ ጠጅ ቤት የሚጠጣው ሰካራም ነው፣ ምኑን ያውቀዋል አለ። ብዙ ራስ በአዎንታ ተነቀነቀ። ከሴቶቹም የነቀነቁ ነበሩ። እሷም የነቀነቁትን ጓደኞቿን አንድ በአንድ አየቻቸው።

ባልዲው መጨረሻ ከአያ ዘሩ ዘንድ ደረሰ። አያ ዘሩ ከሰከላ አፋፍ ነጭ ማር በበቅሎ የሚያወርዱ ሽማግሌ ናቸው። ማሩ የራሳቸው ኖሮ በንጣቱ አወቁት። አሸተቱና ባልዲውን በቀስታ መሬት አስቀመጡ። «እኔ ያመረትሁትን እኔ የማልቀምሰው ከሆነ ለሰው አልሰጥም። ይደፋ» አሉ።

ሽማግሌው እንዲህ ካሉ በኋላ ደፍሮ የተቃወመ አልተገኘም። ከመጋዘኑ ጀርባ ጉድጓድ ተቆፈረና የተመለሰው ማር ሁሉ ተገለበጠ። የዓመት ድካም ነበረና ሰዉ እንደ ቀብር ቆሞ አየው። ጉንዳኑና ዝንቡ ጉድጓዱን ሲወርሰው አፈር ተመለሰበት። ውሉም ፈረሰ።

ለፋሲካ ማኅበሩ አዲስ ፒካፕ ገዛ። ከማር በቀር ሌላ እንዳይጭን በጉባኤ ተወሰነ፤ ቁልፉም ከአባላቱ ጠንቃቃ ለሆነችው ለእፀገነት ተሰጠ። በዚያው ጉባኤ አመራሩ እንደገና ሲመረጥ ጌታሁን ከሊቀ መንበርነቱ ወረደ። ወዲያው ግን የወረዳው ባለሙያ ፍጹም ተነሥቶ፣ ልምድ ያለው ሰው ሜዳ ላይ አይጣልም ብሎ ለቁጥጥር ኮሚቴ ጠቆመው። ጉባኤው አጨበጨበ። ጌታሁን ሜዳልያውን እያስተካከለ እጅ ነሣ።

እህተ ማርያም ስሟ ከአመራሩ እንዲወጣ ጠይቃ ተነሣች። አያ ዘሩ በር ላይ ደረሱባት።

«መኪናው አሁን የራሳችን ሆኗል። ስለምን ትተይናለሽ ልጄ?»

«መኪናውን አይደለም የተጸየፍሁት፣ አያ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ የመንደሯን መንገድ ያዘች። ማሯን ለማኅበሩ ማስረከቧን አልተወችም። ወደ ስብሰባው አዳራሽ ግን ዳግመኛ አልገባችም።