የወሰድናት መኪና ስትፈላ

መኪናዋን ሄጄ እንዳመጣ የታዘዝኩት መንጃ ፈቃድ ስለነበረኝ ብቻ ነው። ያኔ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የተወረሰ እርሻ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ለውጡ ከመጣ ብዙ አልቆየም። የእርሻው ጌታ የነበሩት ሰው ታስረዋል፤ የት እንደታሰሩ ደፍሮ የሚያወራ አልነበረም። ትራክተሮቹና የጭነት መኪኖቹ ከመሬቱ ጋር ወደ መንግሥት ዞረዋል። ከተማ ውስጥ መኖሪያ ቤታቸው የቀረችው አንዲት የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ብቻ ነበረች። በእርሻው ስም ተመዝግባ ስለተገኘች እሷም ትምጣ ተባለ። ጥቁር አረንጓዴ፣ ከላይ ክፍት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ናት። ተማሪ ሳለሁ በአጠገቤ ስታልፍ ዞር ብዬ እስክትሰወር አያት ነበር።

ቤቱ ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። በሩን የከፈቱልኝ ሚስትዮዋ ናቸው፤ አርባዎቹን የጀመሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት። ምን ብዬ እንደምጠራቸው ጨነቀኝ። «እመቤት» ማለት በዚያ ሰሞን ያስጠረጥራል። «ጓድ» እንዳልል ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ። «እትዬ» አልኳቸውና እንደዚያው ቀረ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ያለቅሳሉ ወይም ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ገብተው ቁልፉን አመጡልኝና፣ ከቆመች ስለቆየች ቀስ ብዬ እንድነዳት ብቻ መከሩኝ።

ቀስ ብዬ አልነዳኋትም። ወደ እርሻው የሚወስደው መንገድ ሌላ ሆኖ ሳለ በፒያሳ ዞርኩ፤ ሰው እንዲያየኝ ፈልጌ ነው። ካፌዎቹ ጋ ስደርስ ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌ ከቀዩ አልፎ ነበር። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር። ሰው ሁሉ እያየኝ ደንግጬ ወረድኩና ኮፈኑን ከፍቼ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ አዞርኩት። የፈላው ውሃ ክንዴ ላይ ፈነዳ።

በረንዳ ላይ የነበሩ ሰዎች መኪናዋን ገፍተው ጥላ ሥር አቆሙልኝ። ስለዚያች መኪና የሚያውቅ ሌላ ሰው አልታሰበኝምና የተቃጠለ ክንዴን ይዤ ወደ ሴትዮዋ ቤት ተመለስኩ። እሳቸው ሲያዩኝ ስለ መኪናዋ አልጠየቁም። ሳፋ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አቅርበው ክንዴን ነከሩልኝና እንዳላወጣው ያዙኝ።

«ሲግል ክዳኑ እንደማይከፈት የነገረህ የለም?» አሉኝ።

የለም አልኳቸው። ንብረታቸውን ልወስድ የመጣሁ ሰው መሆኔን የረሱት ይመስል ነበር። ውሃው ውስጥ ያለውን የራሴን እጅ ማየት አቃተኝ።

መኪናዋን አስጎትተን ለጊዜው እዚያው ግቢያቸው መለስናት። አለቃዬ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ሴትዮዋ ሆን ብላ አበላሽታታለች፣ ይህ አሻጥር ነው አለ። በሳምንቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎች ሊጎበኙን ይመጣሉ፤ መኪናዋ በዚያን ቀን እየሠራች ካልተገኘች ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ፣ ይህንኑም ሄደህ ንገራት አለኝ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ አልነበረም።

ሄጄ ነገርኳቸው። ቃሉን አልጠራሁትም፤ «ቶሎ ብትሠራ ለሁላችንም ጥሩ ነው» ምናምን እያልኩ አለሳለስኩት። እሳቸው ግን ገባቸው።

«ይህንንም በታሰረው ባሌ ላይ ይጨምሩበታል ማለት ነው» አሉ። ነጠላቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። «ና እንግዲህ፣ እንሥራት።»

ባላቸው ያችን መኪና እሑድ እሑድ በራሳቸው እጅ ይጠግኗት እንደነበር ያን ቀን ሰማሁ። ሚስትዮዋ አጠገብ ተቀምጠው መፍቻ ሲያቀብሉ፣ ሲጠይቁ፣ ሲነዱም ኖረዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ በወጣሁ ቁጥር እመጣ ነበር። መጀመሪያ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጊያ አየን፤ አልላላም። የውሃ ፓምፑም አያፈስም። ከመናኸሪያ አካባቢ ያመጣሁት መካኒክ የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውጥቶ፣ በዚህ አገር ሙቀት እሱ አያስፈልጋትም ብሎን ሄደ። መንገድ ላይ ስናወጣት እንደገና ፈላች። እኔ የፈራሁት በሞተሩ ራስ ሥር ያለው መጋጠሚያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ውሃ ከዘይት እንዳይቀላቀል ነበር፤ ያ ከሆነ በሳምንት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። እሳቸው የዘይት መለኪያውን መዘዙና በጣታቸው አሹት። ዘይቱ ንጹሕ ነበር።

ራዲያተሩን ስናራግፍ ቡና ዓይነት ዝቃጭ ወጣው። ባላቸው ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዙ ሲወርዱ የጎደለውን ከሐይቁ ቀድተው ይሞሉ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። «ተው እለው ነበር» አሉ። ከበርሜል የዝናብ ውሃ እየቀዳን፣ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ከታች ወደ ላይ አጠብነው። ተሻላት፤ ግን አልዳነችም። ግቢ ውስጥ ቆማ ሞተሯ ቢሠራ መርፌው መሐል ላይ ይቀመጣል፤ መንገድ ወጥታ ስትፈጥን ይወጣል። ጉብኝቱ እየቀረበ ነበር። አለቃዬ በየጠዋቱ ይጠይቀኛል፤ እኔም በየማታው ፊቴን አጥቁሬ ግቢያቸው እገባለሁ። የመጣሁት ልረዳቸው ይሁን ልቆጣጠራቸው ለራሴም አይለይልኝም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ እጃቸውን በጋዝ እየታጠቡ፣ «ቆማ ስትሠራ የማይሆን፣ ስትፈጥን ብቻ የሚሆን ነገር ምንድነው?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ራሳቸውን ነው። ከዚያ መሪው ጋ ተቀመጡና እኔ ኮፈኑ ሥር ገብቼ እንዳይ ነገሩኝ። ሞተሩን አስነሥተው ነዳጁን ረገጡት።

ከራዲያተሩ ግርጌ ወደ ፓምፑ የሚሄድ ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ። ሞተሩ ሲጮህ ያ ቱቦ ዓይኔ እያየ ወደ ውስጥ ተሸማቆ ተጣበቀ። እግራቸውን ሲያነሡ ቀስ ብሎ ተነፋ። ጎማው አርጅቶ ልሞ ነበርና ፓምፑ በኃይል ሲስብ ራሱን ይዘጋል፤ ሞተሩ ውሃ በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ውሃው መንገድ ያጣል ማለት ነው።

«እትዬ፣ አንዴ ይድገሙት» አልኳቸው። ደገሙት። ከዚያ ቦታ ተለዋወጥን፤ እኔ ረገጥኩ፣ እሳቸው አዩ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን የምንስቀው መኪናዋ ለመወሰድ ስለበቃች መሆኑ ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ።

ከመሥሪያ ቤቴ የጭነት መኪና ቱቦ አምጥቼ በልክ ቆረጥን። እንደገና እንዳይሸማቀቅ እሳቸው ወፍራም ሽቦ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ጠምጥመው እንደ ስፕሪንግ ሠሩና ውስጡ ከተትነው። በማግሥቱ እሳቸው እየነዱ በሐይቁ ዳር መንገድ ሄድን፤ አፈጠኗትም። መርፌው ከመሐል አልተነቃነቀም። ግቢ ተመልሰን ሞተሩን ካጠፉ በኋላ እጃቸውን ከመሪው ሳያነሡ ትንሽ ተቀመጡ።

«አሁን ውሰዳት» አሉኝ። ስወጣ ግን በሩ ላይ አስቆሙኝ። «እሱ አስም አለበት። መድኃኒቱን የት እንደማደርስለት ብቻ ጠይቅልኝ። ሌላ አላስቸግርህም።»

ጠየቅሁ። እንግዶቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ፣ አለቃዬ ደስ ብሎት ትከሻዬን ሲመታኝ ጠብቄ ነው የጠየቅሁት። እጁን ከትከሻዬ አነሣ። «ጠበቃቸው ሆንክ?» አለኝ። ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳላነሣ አስጠነቀቀኝ።

የሆነውን ሳልደብቅ ለእትዬ ነገርኳቸው። እንደሚቆጡ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። «አንተ ጠይቀሃል፣ ይበቃል» አሉና ክንዴ ዳነ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ብዙ ሳይቆይ የተሽከርካሪ ክፍል ኃላፊ ተደርጌ ተሾምኩ። በስብሰባ ላይ የሕዝብን ንብረት ከጥፋት ያዳነ ወጣት ተብሎ ተጨበጨበልኝ። ማን እንደጠገናት አልተናገርኩም። ስማቸው በዚያ ስብሰባ ላይ ባይነሣ ለእሳቸው ይሻላል ብዬ ነው። እንዲህ ማሰቤ እውነት ነው፤ እንዲህ ማሰቤ ለእኔም መመቸቱ እውነት ነው። መኪናዋን አለቃዬ ጥቂት ጊዜ ሲነዳት ቆየና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ይዟት ሄደ።

ሰውየው ከዓመታት በኋላ ተፈቱ። እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ለማለት ከቀበሌ ሱቅ የደረሰኝን ስኳር ይዤ ሄድኩ። ከስተዋል፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ይጮሃል። ሚስታቸው ማን እንደሆንኩ ሲነግሯቸው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና ስለ መኪናዋ ጠየቁኝ። የቱ ቱቦ ነው? የላይኛው ወይስ የታችኛው? ሽቦውን በምን ጠመጠማችሁት? እኔና እትዬ እየተቀባበልን ነገርናቸው። መጥረጊያው ጋ ስንደርስ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ሳሉም ቶሎ አልቆመም። እትዬ ጀርባቸውን ያሻሉ። የቀረበልኝ ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«የሐይቁ ውሃ የእኔ ጥፋት ነው» አሉኝ ሰውየው ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ እንደ ይቅርታ። ቀና ብዬ ሳላያቸው የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጣሁ።

እትዬ እስከ ውጭው በር ሸኙኝ። «በመጣህ ቁጥር እንደ ጥፋተኛ አንገትህን ደፍተህ ነው የምትቀመጠው» አሉኝ። «እሱም አየው። ሁለተኛ ስትመጣ እንደ እንግዳ ና።»

እሺ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ባለፍኩ ቁጥር፣ ዛሬ አይደለም፣ ሌላ ቀን ዘና ብዬ እመጣለሁ እያልኩ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ሳልፍ ግቢው ውስጥ የማላውቃቸው ልጆች ሲጫወቱ አየሁ። ጎረቤት ስጠይቅ፣ ሰውየው ሕክምና ስለሚያስፈልጋቸው ባልና ሚስቱ ቤቱን ለቀው ወደ አዲስ አበባ ከሄዱ መቆየታቸውን ነገሩኝ።