ውሃ የጠማት ጀልባ

ልጅ ሳለሁ አንተ መርሳ አልነበርክም፣ ከድር፣ ለዛ ነው ነገሩ እንዲህ የቀለለህ። አርብ ለት ስልኩን የዘጋሁብህ ተናድጄ ነው፣ ከዛ ወዲህ ስትደውል ያላነሳሁትም ተናድጄ ነው፣ አሁንም አልበረደልኝም። ግን ወንድሜ ነህና ይሄን የቀዳሁልህን ድምፅ እስከ መጨረሻው ስማልኝ። ለሰርግህ ዳስ ጊቢው ጠበበ ብለህ እማዬን «የአባባን ጀልባ ፍለጡትና ለድስቱ ማገዶ ይሁን» አልካት። እሷም እሺ አለች፣ ምን ትበል፣ የበኩር ልጇ ሰርግ ነው። መጥረቢያውን የደበቅኩት እኔ ነኝ። አትፈልጉት፣ አታገኙትም።

አባባ እድሪስን፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ አንተ የምታውቃቸው መንገድ ዳር ቁጭ ብለው የጭነት መኪና ሸራ ሲሰፉ ነው። አያት ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በቃ። እኔ ግን አሰብን ያየሁት በሳቸው አፍ ነው። በወጣትነታቸው ወደብ ወርደው ሳንቡቅ ላይ፣ ያ በሸራ የሚሄደው የዓረቦቹ ጀልባ ላይ፣ ስንት ዓመት ሠርተው መንገዱ ሲዘጋ ነው መርሳ የተመለሱት። ጀልባዋን ሐይቅ አገኟት። አንድ ፈረንጅ ትቷት ሄዶ ውሃው ዳር ተገልብጣ ዶሮ ያድርባት ነበር። የኔ ናት ላለው ሰውዬ የመኪና ሸራ ሰፉለትና ወሰዷት። ባዶ በሚመለስ መኪና ተጭና መርሳ ስትገባ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ አየ። አንድ ሾፌር «አባባ እድሪስ፣ ባሕሩስ በየትኛው መኪና ነው የሚመጣው?» አላቸው። «እሱን ላንተ ነው የተውኩት፣ መኪናህ ጠንካራ ነው ሲሉ ሰማሁ» አሉት።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ሳይሞቱ እማዬንና እኛን ጭነው በሸራ ሐይቁን አንዴ መሻገር። «ልጄን ውሃ ላይ አስቀምጬ ንፋሱ ፊቷን ሲመታት ልይ እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» ይሉ ነበር። እማዬ እኮ ውሃ ላይ ወጥታ አታውቅም፣ ዛሬም ድረስ።

ያኔ መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ፣ መብራት እንደልማዱ ሲጠፋ፣ ፋኖሱን ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ሰቅለው፣ ፍም ላይ በዘይት ቆርቆሮ ሬንጅ ያቀልጡና፣ እኔ ጥጡን እየገመድኩ ሳቀብላቸው እሳቸው በየስንጥቁ እየጠቀጠቁ፣ የሬንጁ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ ተረቱን ይጀምሩልኛል። ሁልጊዜ አንድ ተረት ነው። ሌላ ንገሩኝ ብላቸው «እሷን መች ጨረስናትና» ይሉኛል።

ሰውዬው በረሃ ውስጥ ጀልባ ሠራ። ሠርቶ፣ በግመል አስጎትቶ፣ ባሕር ዳር አደረሳት። ገና ውሃ ስትነካ እስከ አንገቷ ሰመጠች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «የበረሃ ልጅ ናት፣ ጠምቷታል፣ ትጠጣ» አለ። ሦስት ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ውሃውን ከውስጧ ቀድቶ ሲያወጣላት፣ ጀልባዋ እንደ ግመል ተነሳች። ልጆቹን ጭኖ ሄደ። እኔ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለኝ። «አባባ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ይበላ ነበር?» «ምን ይበላል፣ የሰው ሳቅ ነዋ» ይሉና ሳል እስኪይዛቸው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ሁለት በጋ ሙሉ ሠራናት። ሸራዋን ከአሮጌ የመኪና ሸራ ሰፉላት፣ የመኪናው ባለቤት ያጻፈው ጽሑፍ ግማሹ እንኳ አለቀቀም ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ወደ ሐይቅ ወሰድናት። እማዬ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ዳቦ በፌስታል ይዛ፣ ስትፈራም ስትስቅም ነበር። አባባ ቢስሚላህ ብለው ገፏት። ውሃው ላይ ስትንሳፈፍ ሳያት ዘልዬ ገባሁባት። ከዛ እግሬ ሥር ውሃ አየሁ። በየስንጥቁ ይገባል። ትንሽ ሳይቆይ እስከ አንገቷ ሰመጠች። ዳር የቆሙት ጎረምሶች ተንከተከቱ። አንዱ «ገንዳ ነው እኮ የሠሩት፣ ከብት ጥሩላቸው» አለ።

አባባ ምን አደረጉ መሰለህ። ጫማቸውን አወለቁና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ተዋት፣ ትጠጣ» አሉኝ። እያዩኝ ፈገግ አሉ፣ የቀረውን እኔ እንድጨርሰው የሚጠብቁ ይመስል።

እኔ ግን ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ታውቀኛለህ፣ ያኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ ስናደድ ዓይኔ አያይም። አንቱ ማለቱን ትቼ «አታውቅበትም» አልኳቸው። «አሰብ ጀልባ ላይ ሠራሁ የምትለውም ውሸት ነው» አልኳቸው። ሰው ፊት፣ ልጃቸው ፊት። እማዬ «ዝም በል» ብትለኝ ጭራሽ ባሰብኝ። ገመድ አመጣሁ፣ የሳቁትን እነዛኑ ጎረምሶች ለመንኩ፣ ጭኖን የመጣው ሾፌር በመኪናው ጎትቶ አወጣት። አባባ አልከለከሉኝም። «እሱ ካለ ይሁን» ብቻ አሉ። እስከ መርሳ ድረስ ሸራዋን አጥፈው ጭናቸው ላይ ይዘው ነበር፣ እንደተኛ ሕፃን።

ከዛ በኋላ ጀልባዋን አልነኳትም። አንድ ምሽት እርቅ እየፈለግኩ «አባባ፣ የጀልባዋን ተረት ይንገሩኝ» አልኳቸው። «መጨረሻው ጠፋኝ» አሉኝ። በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። አንተ ለቀብር መጥተህ በማግስቱ ተመለስክ።

ስንት ዓመት ሙሉ ምን እያልኩ ነበር ታውቃለህ? ያን ቀን ለምን አላስረዱኝም እል ነበር። ሁለት በጋ ሙሉ ማታ ማታ አስረድተውኝ የለ እንዴ፣ ከድር።

አርብ ስልኩን ዘግቼብህ ስወጣ በንዴት የውሃውን ጎማ ወሰድኩና ውስጧ ከተትኩት። እንደ ወንፊት አፈሰሰችው፣ ጊቢው ጭቃ ሆነ። እማዬ «አብደሃል፣ ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ እያወቅክ» ብላ ጮኸችብኝ። ቅዳሜ ደግሜ ሞላኋት፣ መፍሰሱ ቀርቶ ማንጠባጠብ ጀመረች። እሁድም እንደዛው። ዛሬ ጠዋት ከሥሯ ገብቼ በእጄ ዳሰስኳት። ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ የለም፣ እንጨቱ ጠጥቶ አብጦ ስንጥቁን ዘግቶታል። ውሃው እላይ ድረስ ሞልቶ ጸጥ ብሏል።

እማዬ መጣች። ቆማ አየች፣ አየች፣ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። «አባዬ ይሄን ያውቅ ነበር?» አለችኝ። «ያውቁ ነበር» አልኳት። እጇን ሳታወጣ አለቀሰች።

ማገዶውን እኔ ከግራና ገበያ ጭኜ አመጣልሃለሁ፣ ዳሱን ጎረቤት ጊቢ እናስፋዋለን፣ አነጋግሬያቸዋለሁ። ከሰርግህ በኋላ እማዬን ወደ ሐይቅ እወስዳታለሁ፣ ኢንሻአላህ፣ ከፈለግክ ሙሽራህን ይዘህ ና። የአባባ ቦታ ግን ባዶ ነው፣ እሱን በምን እንሞላዋለን።

ከልቤ አልወጣ ያለኝ አንድ ነገር አለ። ያ ሰውዬ ምን ይበላ ነበር ብዬ ስንት ጊዜ ጠየቅኳቸው። የሚስቁት ሰዎች እነማን ነበሩ ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም፤ ለካ አንዱ እኔ ነበርኩ።