ለጉቶ እጅ የነሣ ሰው

ዘንዘልማ ሰፈር ውስጥ አዘዘን የማያውቅ ቢገኝ ትናንት የገባ ተከራይ ነው። አዘዘ ባጃጅ ነጂ ነው። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል፤ ጠላ አይቀምስም፤ ሐይቅ ዳር ዝር አይልም። ተሳፋሪ «ጣና ዳር አድርሰኝ» ቢለው አስፋልቱ ላይ ያወርደውና «ከዚህ ወዲያ እግር አለህ» ይለዋል።

ሰፈሩ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይፈታዋል፤ «አብሾ ጠጥቷል።» አብሾ ማለት ትምህርት አልገባ ላለው ልጅ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚሰጥ የቅጠል ብጥብጥ ነው። አዘዘ ዳዊት ማወቁ? አብሾ። ሰርግ ቤት ውሃ ይዞ መቀመጡ? አብሾ ያለበት ሰው መጠጥ ከነካ ያብዳላ! ሐይቁን መሸሹስ? አብሾ ውሃ አይወድም። ይህን የመጨረሻውን ማን እንደፈጠረው እግዜር ይወቀው፤ ግን ሁሉም ያምነዋል።

ከሁሉም የሚወደደው የጉቶው ወሬ ነው። አዘዘ የቆሎ ተማሪ ሳለ አብሾውን እንደጠጣ ከመንገድ ዳር አንድ ጉቶ ያገኛል። ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። «እንዴት ዋሉ? ልጆቹስ? ከብቱስ ደህና?» እያለ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ጉቶው ዝም ሲለው «ምነው ተቀየሙኝ?» ብሎ ያለቅሳል። ሰፈሩ በዚህ ወሬ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አዘዘ ግን ስቆ አያውቅም።

ያልሳቀበትን ምክንያት ሰፈሩ አያውቅም። ያን ቀን የጠጡት ሁለት ነበሩ። ጓደኛው ገድሉ ከዚያው ቅል ጠጥቶ ጣናን አየና «ሜዳ ነው፤ ና እንሂድ» አለው። ለአዘዘም ሜዳ ነው የታየው። ተከትሎት ሊሄድ ሲል ጉቶው ሽማግሌ መስሎ ፊቱ ተገተረ፤ ታላቅ ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። የጉቶውን ቤተ ዘመድ ጠይቆ ሲጨርስ ገድሉ የለም። በማግስቱ ታንኳ ቀዛፊዎች ሬሳውን ከሐይቁ አወጡት። ዳዊቱንም ቢሆን አዘዘ በቃሉ የያዘው ከዚያ ወዲህ፣ በየኔታ አርጩሜ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላልና ለማንም ሳይናገር ኖረ።

ነቀዘ እንጂ! ሚስቱ የሺመቤት ኮሌጅ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ስትደረድር ትውላለች፤ ልጅ በቅጠል እንደሚማር ግን ቅንጣት አትጠራጠርም። ማስረጃዋ ባሏ ነው። ልጃቸው ፀደንያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብባት ከፍርሃቷ ብዛት መጽሐፍ በገለጠች ቁጥር እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። የሺመቤት ከአንድ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄዳ በጠርሙስ ይዛ መጣች። አብሾ ከተወራበት ይረክሳል ስላሏት ለባሏ ትንፍሽ አላለችም። ፀደንያም ቢበዛ ለጉቶ እጅ እነሣለሁ ብላ እየሳቀች ጠጣችው።

አዘዘ ለምሳ ሲገባ ሚስቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቀበለችው።

«ቀስ በል፣ እያጠናች ነው» አለችው፤ ፊቷ በደስታ ወዝቷል።

ፀደንያ አልጋው ላይ ተቀምጣ ባዶ መዳፏን ታነባለች። የሌለ ገጽ ትገልጣለች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ቡናማው ጠፍቷል። ፊቷ እንደ ምጣድ ይጋያል።

«ምን አጠጣሻት?»

«አንተ የጠጣኸውን ነዋ! ይኸው ትለፈልፋለች፤ እየሠራላት ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና እንደ እንግዳ ሰው አክብራ «እርስዎ ፈታኙ ነዎት?» አለችው። ወለዳት፣ አሳደጋት፣ አሁን ፈታኝ ሆነ።

«አዎ፣ ነኝ» አላት። «የፈተናው ክፍል ተቀይሯል። ባጃጅ ውጭ ቆሟል፤ ተነሽ።»

ፀደንያ የሌለ እርሳስ ፈልጋ አነሣችና ተከተለችው። የሺመቤት «ጸበል ብንረጫት ይበቃል» ስትል፣ እሱ «ያዣት! እንዳትለቂያት!» ብሎ ነዳ። የዓባይ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ወደ ውሃው አንገቷን አስግጋ «ሜዳው ደስ ሲል! አቁሙልኝ፣ ልውረድ» አለች። አዘዘ ይህን ቃል ያውቀዋል። አላቆመም፤ መሪውን ጨብጦ «ፈተናው ሊጀመር ነው» እያለ ድልድዩን እስኪሻገር ጮኸ።

ሆስፒታል ሐኪሟ «ምን ወስዳ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ምግብ ይሆናል» አለች የሺመቤት መሬት መሬት እያየች።

«አብሾ ነው» አለ አዘዘ። «አስተናግር የሚሉት፣ በየቆሻሻው የሚበቅለው ቅጠል አለበት።»

ሐኪሟ ጊዜ አላጠፋችም። የልጅቷ የልብ ምት ከልክ አልፎ ነበር፤ ትኩሳቷም እንዲሁ። ሲረጋጋላት ሐኪሟ ወጥታ «እስከ ማታ አቆይታችኋት ቢሆን ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለቻቸው።

አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው አዘዘ የገድሉን ነገር ለሚስቱ ነገራት። የሺመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሰማችውና «ምነው እስከዛሬ!» አለችው።

«ሰው በጉቶው እየሳቀ ሬሳ እንዴት አድርጌ ላውጣበት? እንዲህ ቤቴ ድረስ ይመጣል አላልሁም።»

ፀደንያ ዳነች። የሆነውን አንድም አታስታውስም። ለሰነበተ ጊዜ ግን ፊደል ይደበዝዝባት ስለነበር እናቷ ከሥራ ስትመለስ መጽሐፉን ጮክ ብላ እያነበበች፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና እየሰማች አጠናች። ተፈተነች፤ አለፈች።

ሰፈሩ ምን አለ? አብሾ!

ጎረቤታቸው ሸዋዬ እልል ብላ እንኳን ደስ አላችሁ ካለች በኋላ አዘዘን ወደ ጎን ሳበችው። የእሷም ልጅ በመጪው ዓመት ተፈታኝ ነው።

«አያ አዘዘ፣ አይጨክኑብኝ። መድኃኒቱን ከየት እንዳገኙት ይጠቁሙኝ።»

«ሸዋዬ፣ ልጅቷ ያለፈችው እናቷ አንብባላት ነው።»

«እሱማ ለሰው የሚባለው ነው» አለች ሸዋዬ እየሳቀች። «እርስዎንም ልጅዎንም አየን፤ ጠጥተው ምን ሆኑ?»

አዘዘ ትንሽ አያትና «ግቢ፣ ላሳይሽ» ብሎ ባጃጁን አስነሣ። የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ሁልጊዜ ሰው የሚያወርድበት አስፋልት ላይ ሲደርስ አልቆመም። ሸዋዬ ደንግጣ «ኧረ ሐይቁ!» አለች። በኮረኮንቹ ወርዶ ደንገሉ ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ውሃው ጫማውን እስኪነካው ቀረበ።

«አብረን የጠጣን ጓደኛ ነበረኝ፤ ገድሉ ይባላል። ሜዳ ነው ብሎ እዚህ ገባ» አላት። «ጠጥተው ምን ሆኑ አልሽኝ? እኔንማ አይተሽኛል። እሱን ጠይቂው።»