የቀናሁበት ለቅሶ

ሰሞኑን የሮቢትን መንገድ ሲያድሱ የቀለጠ ሬንጅ ሸተተኝ፣ ልጄ። ያ የአባቴ ሽታ ነው። ሸማው ታጥቦም አይለቀውም ነበር።

አባቴ ጣሊያን በሚያሠራው መንገድ ላይ ካቦ ነበር፤ ድንጋይ ፈላጮቹን ያዛል። ማታ ማታ ዱቄትና ስኳር ይዞልን ይገባል። እኛ ጠግበን እናድራለን፤ ሰፈሩ ግን «የባንዳ ቤት» ይለናል። ሰላም የምትለን የአጥር ጎረቤታችን ብቻ ነበረች። እሷ እስላም ናት፤ ባሏ ጫካ የገባ አርበኛ። እኩያዬ የሆነች ልጅ ነበረቻት።

አንድ ቀን የባሏ መርዶ መጣ። የቀወት ሰው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ ግቢያቸውን ሞላው። ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሴቶች ያቺን ልጅ እየተቀባበሉ ያቅፏታል፤ አንዷ ፀጉሯን ቅቤ ትቀባታለች። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ትስቂብኝ ይሆናል፣ ቀናሁ። አባት የሞተባትን ልጅ ቀናሁባት።

ሁለት ወር ሳይሞላ የኔን አባት ድማሚት የፈነቀለው ቋጥኝ ገደለው። ቄሱና አራት የመንገድ ሠራተኞች ቀበሩት። እናቴ ግቢውን ጠርጋ ሰሌን አነጠፈች፤ ለለቀስተኛ ብላ በትልቁ ድስት ንፍሮ ቀቀለች። ሦስት ቀን በር በሩን እያየን ተቀመጥን። ንፍሮው ሻገተ።

እናቴ አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች፤ ሰሌኑን እያነሳች መልሳ ታነጥፋለች፤ ለባዶ ግቢ «ግቡ፣ ግቡ እንጂ» ትላለች። ሰው «ለክፏት ነው» አለ፤ ጠበል ወሰድኳት። ጋኔን ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያኔ አሥር ሰው በራችንን ገፍቶ ቢገባ ኖሮ እናቴ እንደዚያ አትሆንም ነበር።

አንድ ጠዋት ወንዝ ወርጄ ውሃ ስቀዳ ያቺ ልጅ መጣች። ገና ሳያት ደሜ ፈላ።

«አንቺ ምን አለብሽ! ላንቺ አባት አገር አለቀሰለት!» ብዬ እንስራዋን ገፍቼ ሰበርኩት።

እሷም ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ሄደች።

በሳምንቱ ጎረቤታችን ኢዳዋን ጨረሰች። ባል የሞተባት እስላም አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም፤ እሷም እስከዚያ አልወጣችም። በወጣች ዕለት መጀመሪያ የመጣችው እኛ ቤት ነው። ልጇ ከኋላዋ ነበረች። የእንስራውን ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ተሸሸግሁ።

እሷ ግን እናቴ አጠገብ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አውፍ በይኝ፣ ዘገየሁ። ልጅሽ ያለችውን ልጄ ነገረችኝ።»

እናቴ አየቻት። «የኔኮ ባል ባንዳ ነው ይላሉ» አለቻት።

«ሰው ነው የሞተው» አለችና ሙሾ አወረደች። አባቴን በስሙ እየጠራች አለቀሰችለት።

ያን ጊዜ እናቴ ጮኸች። እስኪመሽ አለቀሰች። ዕድሜዋን ሙሉ አልፎ አልፎ ለባዶ ግቢ «ግቡ» ማለቷ አልቀረም፤ እንቅልፏ ግን የዚያን ዕለት ተመለሰላት። እዚያው ሰሌኑ ላይ፣ የጎረቤታችን ትከሻ ላይ ደገፍ እንዳለች ወሰዳት።

እኔ ቆሜ አየኋቸው። ደስ አለኝ። ግን አንቺን ምን እደብቅሻለሁ፣ አሁንም ቀናሁ። ሁለት ወር ሙሉ አጠገቧ የተኛሁት እኔ ነበርኩ፤ ትከሻም ነበረኝ።