ሳይደውል የማይታለፈው ሰዓት

በ2017 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሰዓት ሠሪው ጋሽ ደምሴ እዚህ ጎረቤላ ከተማ አረፉ። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ውለታቸው ስላለብኝ ነው። ከወለጋ ተፈናቅዬ ደብረ ብርሃን መጠለያ ሳለሁ፣ ከሦስት ልጆቼ ጋር አምጥተው ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን ክፍል ሰጡኝ። «ኪራዩ የኔን ሳል መስማት ነው» አሉኝ።

በደብራችን አዳራሽ የተሰቀለውን ጥንታዊ የእንግሊዝ ሰዓት አርባ ዓመት የጠበቁት እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቁልፍ ይሞሉታል፤ ስምንት ቀን ይሄዳል። አንዴ ከፍተው አሳዩኝ። የነሐስ ጎማዎቹ ጥርሶች አንድ በአንድ በሞረድ የተሳሉ ናቸው፤ ሣጥኑ ያለ ምስማር የተጋጠመ። «የሠራው ሰው ማንም የማያየውን ጀርባውን እንኳ ወልውሎታል። እግዜር ያየዋል ብሎ ይሆናል» አሉ።

በግንቦት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የደብሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ለማድረግ ቆጣሪ ዘንጉን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎተቱት። ጥርስ ተሰበረ። ሆድ ዕቃውን ከነቆጣሪው ነቅለው በማዳበሪያ ከረጢት ለጋሽ ደምሴ ላኩላቸው፤ በቦታው የባትሪ ማሽን ገጠሙ።

«ወደ ፊት ነበር የሚዞረው» አሉ ጋሽ ደምሴ ከረጢቱን ሲፈቱ። «በየሰዓቱ እየቆሙ፣ እስኪደውል እየጠበቁ። ይህን ያህል ምን አስቸኮላቸው?»

ታመው፣ አልጋ ላይ ሆነው ጥርሱን ሠሩት። ሲጨርሱ «ቦታው ይመለስ» እንድል ወደ ሰብሳቢው ላኩኝ።

«እናቴ፣ ባትሪው ምን አለን? ሽማግሌውን ይረፉ በያቸው» አሉኝ ሰብሳቢው።

መልሱን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «አስካለ፣ ቦታው ሳይመለስ እንዳትተዪው።» በአራተኛው ቀን አረፉ።

በቀብራቸው ላይ ሰብሳቢው ቆመው «ሰዓታችንን የጠበቁ አባት» እያሉ አለቀሱ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ያን ልቅሶ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ጋሽ ደምሴ፣ ልጆቼ ከዝናብ የተጠለሉት በርስዎ ነው። እግዚአብሔር ነፍስዎን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ። አደራዎን አልበላሁም። የቀብርዎ ማግስት እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የሰዓቱን ሆድ ዕቃ በነጠላዬ ጠቅልዬ አዳራሽ ገባሁ። ሰብሳቢው ፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በቁልፍዎ ሞላሁት። ቆጣሪውን ወደ ፊት አዞርኩት፤ በየሰዓቱ እየቆምኩ፣ እስኪደውል እየጠበቅሁ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማ። ሰብሳቢው ቀና አላሉም።

መሰላሉን ራሴ አመጣሁ።